የወደቀውን ወታደር በስሙ ስለ መጥራት



በኔዘርላንድ አገር ደቡባዊ ጫፍ፥ በሊምቡርግ ግዛት፥ ማርግራተን የምትባል አንዲት የገበሬዎች መንደር አለች። በ1937 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1944፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳይፈጸም፥ የአሜሪካ ጦር የሞቱበትን ወታደሮች በዚያች መንደር እርሻ ላይ መቅበር ጀመረ። የመንደሪቱ ነዋሪ አንድ ሺህ ተኩል ያህል ነበር፤ በአጠገቡ የሚያርፈው ሙት ግን ጥቂት ወራት ሳይቈይ ከነዋሪው ብዙ እጥፍ ሆነ። በዝናምና በጭቃ ውስጥ መቃብሩን ይቈፍሩ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ጥቍር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ፤ እነዚህም በገዛ ሠራዊታቸው ውስጥ ከነጭ ጓደኞቻቸው ተለይተው እንዲያገለግሉ የተደረጉ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ እንድናገር ያነሣሣኝ ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ያደረገው ነገር ነው። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ አንድ መቃብር በአደራ ተቀበለ። በመቃብሩ ውስጥ ያለው ሰው ዘመዱ አይደለም፤ ቋንቋውን አይሰማም፤ በሕይወቱም አይቶት አያውቅም። ቢሆንም በበዓል ቀን አበባ ይዞለት ይሄዳል፤ እናቱ በሩቅ አገር ያለች እንደ ሆነም ልጇ ያለ ጠያቂ እንዳልቀረ በደብዳቤ ይነግራታል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የሟቾቹ ቤተ ሰቦች አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ወይም በዚያው እንዲቀር እንዲመርጡ ተጠየቁ። በማርግራተን የቀሩት መቃብሮች 8,300 ያህል ናቸው፤ ከእነዚህም ሌላ አጽማቸው ያልተገኘ የ1,722 ወታደሮች ስም በግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ከመቃብሩም ሆነ ከስሙ አደራ ተቀባይ ያጣ የለም። አደራ የሚቀበል ሰው ቢፈልግ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል፤ አያት ሲሞት አደራው ለልጅ ልጅ ያልፋል።

ውሎ አድሮ ግን አበባ ማኖር ብቻ አልበቃቸውም። በነጩ መስቀል ላይ ያለው ጽሑፍ ስም፥ ማዕርግ፥ የጦር ክፍል፥ የተጠራበት ክፍለ ሀገርና የሞተበት ቀን ነው። አደራ ተቀባዩ ግን «ይህ ሰው ከዚያ በፊት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ገበሬ ነበር ወይስ መምህር? አግብቶ ነበር ወይ? በመጨረሻ ደብዳቤው ምን ብሎ ጻፈ? እንዲህ እያሉ በአሜሪካ ላሉ ዘመዶች፥ ለጋዜጣ አዘጋጆችና ለመዝገብ ጠባቂዎች ይጽፉ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህም በተወሰነ በዓል በየመቃብሩና በየስሙ አጠገብ የሟቹን ፎቶግራፍ እየፈለጉ ያቆማሉ። በሺህ የሚቈጠር ወጣት ፊት በአንድ ሜዳ ላይ ቆሞ ማየት ምን እንደሚያሰኝ ለመገመት አያስቸግርም።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ሥራ ነው የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን አይመስለኝም። ሥራው የጠየቀው አንድ ደብተር፥ የፖስታ ቴምብርና ትዕግሥት ነው። ይህ ሦስቱም በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጡት ለእርስዎ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ሐሳባችንን ወደ አገራችን እንመልስና ወገዳን እንውሰድ። ወገዳ በደቡብ ጎንደር በስተ ምሥራቅ ያለው የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ጎረቤቶቿ ጋይንትና እስቴ ናቸው፤ አገሩ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሓ በገደል የሚወርድ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ያለፉት በጋይንት በኩል በጨጨሆ ነበር። ይህን አገር የመረጥሁት ስለዚህ ብቻ አይደለም። ብዙ ወታደር አውጥቶ ጥቂት የወታደር ሐውልት ካለው የአገራችን ክፍል ሁሉ እንደ አንድ ምሳሌ እንዲያገለግል ነው። የእርስዎ የትውልድ ስፍራ ሌላ እንደ ሆነ በወገዳ ፋንታ የራስዎን አገር ስም ያስገቡ።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሚደረገውን ያውቁታል። በደብሩ ቅጥር ግቢ ይቀበራል፤ ፍትሐቱ ይደረጋል፤ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁ፥ ዓመቱ እየተቈጠረ ተዝካሩ ይወጣል። የዘመተው ሰው በዘመተበት ቀርቶ ሬሳው ያልመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ለቅሶው ከዚያ የከበደ ነው። መርዶ ነጋሪው ማልዶ ይመጣል። ልብሱ ይወጣል፤ ጠመንጃው ይወጣል፤ ኮርቻ የተጫነ ፈረሱ በለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል፤ አልቃሿም ከወዲህ ወዲያ እየተመላለሰች የሰውየውን ሥራ በሙሾ ታወርዳለች። ለሞተ ሰው ክብር መስጠት ከሌላ አገር የምንማረው ነገር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የጐደለን ሌላ ነው። የዚያ ሁሉ ለቅሶ መዝገቡ የሰው ልብ ብቻ ነበር። ቀባሪው ሲሞት መቃብሩ ከሌላው መቃብር ጋር ይቀላቀላል፤ አልቃሿ ስትሞት ሙሾው ያልቃል፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ የሚቀረው «አንድ አጐታችን ጦር ሜዳ ቀርቷል» የሚል ቃል ብቻ ነው። የትኛው ጦር ሜዳ? ማይጨው ነው? በአርበኝነት ዘመን ነው? ኰርያ ነው? ኦጋዴን ነው? ሰሜን ነው? አያውቁም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ከበሽሎ ወንዝ ማዶ በአሮጌ ሜዳ ላይ የሆነውን ያስታውሱ። ከእንግሊዝ ጦር ወገን ቈስለው የሞቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከአጼ ቴዎድሮስ ወገን የወደቀው ብዙ መቶ ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ እርስዎም እኔም በስም የምናውቀው ፊታውራሪ ገብርዬን ነው፤ እርሳቸውም አለቃ በመሆናቸው ስማቸው ቀረ። ከእርሳቸው ጋር ቍልቍለቱን የወረደው ሰው ሁሉ ግን እናት ነበረው፤ የክርስትና ስምም ነበረው።

ስም የሚጠፋው በመርሳት ብቻ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ውሳኔም ይጠፋል። ይህን ለመንግሥት ሠራተኛ መናገር ግድ ይመስለኛል። የእንግሊዝ መንግሥት ግዛቶች የጦር መቃብር ኮሚሽን በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲቋቋም፥ የሞተ ወታደር ሁሉ ጄኔራልም ቢሆን ተራ ወታደር ሳይበላለጥ ስሙ ይቀረጽለታል የሚል መሠረት ነበረው። ይኸው ኮሚሽን ራሱ በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ባወጣው ዘገባ ግን መሠረቱ እንዳልተጠበቀ አመነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት አፍሪካውያን፥ ሕንዳውያንና ሌሎች መካከል ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑት ከነጮቹ ጋር እኩል አልታሰቡም፤ ከእነዚህ ሌላ ቢያንስ 116,000፥ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱት በስማቸው አልታሰቡም፥ ወይም ከነጭራሹ አልታሰቡም። ብዙዎቹ በምሥራቅ አፍሪካና በግብፅ ያገለገሉ ወታደሮችና ተሸካሚዎች ናቸው። የእነዚህን ሰዎች ስም ያጠፋው ጥይት አይደለም። በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ለእነዚህ አንድ የጋራ መታሰቢያ ይበቃል» ብሎ በማስታወሻ ላይ የፈረመ ሰው ነው።

የእኛን አገር ጉዳይ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሻለቃ መሪው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ እየተመራ በጅቡቲ በኩል ወደ ኰርያ ተጓዘ። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ወታደሮቹ ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ሲሆኑ በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጉ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆሙ ውል እስኪፈረም ድረስ ሦስት ሻለቆች ተፈራርቀዋል፤ ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም ሰው የለም። የወደቁትን ጓደኞቻቸው ጥለዋቸው አልተመለሱም፤ አጽማቸውም ኋላ ወደ አገሩ ገባ። በቡሳን ከተማ በተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር ግድግዳ ላይ ስማቸው ተቀርጿል፤ በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በአዲስ አበባም አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ አላቸው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኰርያ ጋር ስለ ተወዳጀ ግን ዘማቾቹ ለብዙ ዓመታት ታሪካቸውን በግልጥ የሚናገሩበት ቦታ አላገኙም። በዚያ የዝምታ ዘመን ስንቱ ፎቶግራፍ በሣጥን ውስጥ ሻግቶ ይሆን!

እንግዲህ ከኰርያ ዘማቾች ስሙ በድንጋይ ላይ የቀረው እንኳ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ከየት አውራጃ መጣ? ማን አሳደገው? ይህን የሚያውቅ ሰው በዕድሜ ገፍቷል። በዚያ ጦርነት ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል። በአርበኝነት ዘመን የነበረውንማ በዐይኑ አይቶ የሚነግረን ሰው ከእንግዲህ አናገኝም ለማለት ተቃርበናል፤ የምናገኘው የሰማውን ነው፤ እርሱም ቢሆን በቅርቡ ያልፋል።

ስለዚህ እርስዎን የምጠይቅዎ አንድ ሰው በአደራ እንዲቀበሉ ነው። ብዙ ሰው አይያዙ፤ አንድ ይበቃል። ዘመድዎ ቢሆን መልካም ነው፤ ባይሆን ይበልጥ መልካም ነው እላለሁ፤ ዘመድ ያልሆነ ሰው ሳያደላ ይጽፋልና። በመሥሪያ ቤትዎ ለአንድ ጉዳይ ማኅደር እንደሚከፍቱ ሁሉ ለዚህም ሰው ማኅደር ይክፈቱለት።

በማኅደሩ ላይ የሚጻፈው ስም ራሱ ግን ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። የእኛ ሰው ስሙ አንድ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ስም አለ፤ ካህኑ በጥምቀት የሰየመው የክርስትና ስም አለ፤ አለቃ የሆነ እንደ ሆነ የፈረስ ስም ይጨመራል፤ በጦር ሰፈር ደግሞ ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል አለ። በሠራዊቱ ዝርዝር ውስጥ ያለው በመጀመሪያው ነው፤ በደብሩ የተጸለየለት በሁለተኛው ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱት ምናልባት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ነው። በውጭ አገር ሰነድ ላይ ደግሞ የአባቱ ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ተቈጥሮ፥ ፊደሉም በየጸሓፊው ጆሮ ልክ ተለዋውጦ ያገኙታል። ስለዚህ ሁሉንም ስም ይጠይቁ፤ የአያቱን ስም ሳይዙም ምርመራ አይጀምሩ፤ ታደሰና አበበ የሚባል ወታደር ስፍር ቍጥር የለውም።

የአገሩም ስም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ደቡብ ጎንደር ዞን የምንለው በቀድሞው መዝገብ በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ተብሎ ነው የሚገኘው፤ ኋላም ጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ስማዳን ሲፈልጉ በጋይንት አውራጃ ሥር መመልከት አይርሱ። ብዙ ጊዜ ሰነድ ጠፋ የሚባለው ሰነዱ ጠፍቶ ሳይሆን ፈላጊው በዛሬው ስም ስለሚጠይቅ ነው። ይህን ለመዝገብ ቤት ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነውና እዚህ ላይ ላብቃ።

ከሰነድ በፊት ግን ሰው ይቀድማል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ እንዴት ሞተ የሚለው አይሁን፤ መርዶውን ማን አመጣው የሚለው ይሁን። መርዶ ነጋሪው ብዙውን ጊዜ አብሮ የዘመተ ጓደኛ ወይም ከጓደኛው የሰማ ሰው ነው፤ የእርሱ ስም ከታወቀ የጦር ክፍሉ ይታወቃል፤ የጦር ክፍሉ ከታወቀ ቦታውና ወሩ ይቀርባል። ሁለተኛው ጥያቄ በለቅሶው ላይ ማን አለቀሰለት የሚለው ነው። የከተማ ሰው ሙሾን እንደ ጩኸት ብቻ ይቈጥረዋል። እኔ ግን አልቃሽን የሕዝብ ታሪክ ጸሓፊ እላታለሁ። በሙሾው ውስጥ የአባቱ አገር፥ የጠመንጃው ዓይነት፥ ያቈሰለው ሰው፥ የከዳው ሰው፥ ያላገባት ልጅ ሁሉ ይገኛል። ሁለት ስንኝ የምታስታውስ ባልቴት ካገኙ ቃሉን እንዳለ ይጻፉ፤ አያሳምሩት። ለፉከራና ለቀረርቶም እንደዚሁ ያድርጉ፤ በፉከራ የተባለው ሁሉ እውነት እንዳይደለ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ እንዲከፈት በትሕትና ይለምኑ። የአርበኝነት ሜዳይ የተገኘ እንደ ሆነ በጥብጣቡ ላይ ያለውን ዘንባባ ይቍጠሩ፤ በዱር የቈየበትን ዓመት ያመለክታልና። የጡረታ ደብተር፥ የምስክር ወረቀት፥ ለርስት ክርክር የቀረበ የድሮ ማመልከቻ ሁሉ ይጠቅማል። ፎቶግራፍ ቢያገኙ ጀርባውን ይገልብጡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀን ብዙ ጊዜ በጀርባው ላይ ነው። ሥዕሉን ለራስዎ ይዘው አይሂዱ፤ እዚያው ያንሡትና ይመልሱ። ለእናት ከልጇ የቀረላት እርሱ ብቻ ይሆናል።

መንገዱ ሰላም ያልሆነ እንደ ሆነ ወይም ዓመት ፈቃድ ያልደረሰ እንደ ሆነ ሥራው በአዲስ አበባ ይጀመራል። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ መጥተው በከተማ የሚኖሩ ሽማግሌዎች በየዕድሩና በየማኅበሩ አሉ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ለአንባቢ ክፍት ነው፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ እያገላበጡ የዘመቻውን ወራት መከታተል ይቻላል። ጎንደር ነፃ የወጣችበትን ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ይዘው ወደ ኋላ ቢሄዱ፥ በዚያው በ1933 ክረምት የደብረ ታቦር የጠላት ጦር እጁን የሰጠበትን ወራት ያገኛሉ፤ የበጌምድር አርበኞች ታሪክ በእነዚያ ወራት ዙሪያ ይበዛል።

ስለ መቃብሩም አንድ ነገር ልበል። ቦታው የታወቀ እንደ ሆነ ሲሚንቶና እብነ በረድ ጭነው አይሂዱ። ከአስተዳዳሪው፥ ከቤተ ሰቡና ከአገር ሽማግሌ ጋር ሳይመክሩ ድንጋይ ማንቀሳቀስ አይገባም። ሐውልት አሠርቶ የራሱን ስም ከሟቹ ስም በላይ በወርቅ ቀለም የሚያስጽፍ ሰው አይቼ አዝኛለሁ። ዙሪያውን ማጽዳት፥ አንድ የሚታይ ድንጋይ ማቆም፥ ስሙንና ዓመቱን መቅረጽ ይበቃል። ሟቹ እስላም የሆነ እንደ ሆነ ሼኹን ይጠይቁ፤ የመቃብሩን ሥርዓት እርሳቸው ያሳዩዎታል።

ሲጽፉ ደግሞ ጀግና ለመፍጠር አይጣደፉ። ምናልባት የወደዱት ሰው ተገድዶ የዘመተ ይሆናል፤ ምናልባት በበሽታ ሞቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ከጠላት ወገን ለደመወዝ የተሰለፈ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ማኅደሩን መዝጋት ያምራል። እኔ ግን አይዝጉት እላለሁ። የሞተው ሰው እንጂ ምሳሌ አይደለም። የቤተ ሰቡን ኀፍረት የሚገልጥ ነገር ካለ ግን ከመጻፍ በፊት እነርሱን ይጠይቁ፤ ስማቸውን ተሸክመው በአገሩ የሚኖሩት እነርሱ ናቸው።

እስካሁን ያነሣሁት የድሮውን ነው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። ከዚያም ወዲህ በአገራችን የተቈፈረው መቃብር ገና ሣር ያልሸፈነው ነው፤ ከየወገኑ የወደቁት እናቶቻቸው በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም የልጃቸውን መቃብር አያውቁም። በቅርብ ጊዜ ሐዘን ላይ ደብተር ይዞ መግባት ድፍረት ነው፤ መጀመሪያ ለቅሶ ይድረሱ፤ ከጊዜ በኋላ እናቲቱ ራሷ የተናገረችውን ይጻፉ። ከሰባ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው ሥራውን ዛሬ ማቃለል የሚቻለው እንዲህ ነው።

የጻፉትን በሦስት ቅጅ ያድርጉት። አንዱን ለቤተ ሰቡ ይስጡ፤ አንዱን ለወመዘክር ያቅርቡ፤ አንዱን ሰውየው ለተነሣበት ደብር ይላኩ። ለደብሩ በሚልኩት ቅጅ ላይ የክርስትና ስሙን ከሁሉ በላይ በትልቁ ያስጽፉት፤ ቄሱ በጸሎት ጊዜ ሳይፈልጉ እንዲያገኙት።